ለቡና የኤሌክትሮኒክ ገበያ ኦንቶሎጂ ያስፈልጋል? እስከ የት ድረስ?

ጥያቄ፦ ላኪዎችን በውጭ አገር ቡና ከሚቆሉ ድርጅቶች ጋር የሚያገናኝ የኤሌክትሮኒክ ገበያ እየሠራን ነው። ገዢው የሚፈልገውን፣ ሻጩ ያለውን ከነዋጋው ያስገባል፤ ሥርዓቱ ያዛምዳል። በቁልፍ ቃል ፍለጋ ስንሞክረው ወይ ምንም አያመጣም ወይ ሁሉን ያመጣል። አንድ አማካሪ «ኦንቶሎጂ ሥሩ፣ ሪዝነሩ ራሱ ያዛምደዋል» አለን። እውነት ነው? ከሆነስ ከየት እንጀምር?

ምላሽ፦

ግማሹ እውነት ነው። ኦንቶሎጂ፣ ማለትም ስለ ዕቃዎቹ ያለው ዕውቀት ለማሽን የተጻፈበት መዋቅር፣ የትኛው አቅርቦት ለየትኛው ፍላጎት ሊቀርብ እንደሚችል ይለይላችኋል። ከቀረቡት መካከል ማን ያሸንፍ የሚለው ግን የስሌት ሥራ ነው፤ ሪዝነር፣ ማለትም ከኦንቶሎጂው ድምዳሜ የሚያወጣው ፕሮግራም፣ አይሠራውም። አማካሪያችሁ ሁለቱንም ለአንድ መሣሪያ ያሸከመ ይመስለኛል። ዋጋውን፣ የማስረከቢያ ቀኑን፣ የገዢውን ምርጫ ሁሉ ኦንቶሎጂው ውስጥ ለመክተት የሞከረ ቡድን መጨረሻው የሚዘገይና ማንም የማያምነው ሥርዓት ነው።

የቁልፍ ቃል ፍለጋችሁ ለምን እንዳልሠራ ለመገመት አይከብድም። ገዢው «የታጠበ፣ ከጌዴኦ» ይላል፤ ሻጩ «ኮቸሬ፣ ዋሽድ፣ ግሬድ 1» ብሎ ያስገባል። አንድም የጋራ ቃል የላቸውም፣ ግን የሚፈላለጉ ሰዎች ናቸው። ኮቸሬ በጌዴኦ ዞን ያለ ወረዳ መሆኑን፣ ዋሽድና የታጠበ አንድ መሆናቸውን የሚያውቅ አካል በመሐላቸው ያስፈልጋል። ኦንቶሎጂ ይህንኑ ዕውቀት ማሽን አንብቦ አዲስ ድምዳሜ ሊያወጣበት በሚችል መልክ መጻፍ ነው፦ ምን ምን ዓይነት ነገር አለ፣ የቱ በየቱ ሥር ይወድቃል፣ የቱ ከየቱ ጋር አብሮ ሊኖር አይችልም፣ እያንዳንዱስ ምን ባሕርይ አለው።

«የምርት ኮድ አይበቃንም ወይ?» የሚል ሰው ከመካከላችሁ እንደሚኖር እገምታለሁ። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ አመዳደብ ያልተቆላና ካፌይኑ ያልወጣለት ቡና በሙሉ 0901.11 ነው። ሐረርም፣ ጅማም፣ ይርጋጨፌም፣ የብራዚሉም፣ የቬትናሙ ሮቡስታም በዚያ አንድ ቁጥር ውስጥ ናቸው። ለቀረጥ ይበቃል። የአውሮፓ ኅብረት ለመንግሥት ግዥ የሚጠቀምበት ሲፒቪ የተባለው ኮድም ጨረታው ስለምን እንደሆነ ይናገራል እንጂ የሚፈለገው ዕቃ ምን ምን ማሟላት እንዳለበት አይነግርም። ኮድ መደርደሪያውን ያሳያል፤ የእናንተ ገዢዎች የሚከራከሩት ግን መደርደሪያው ላይ ስላለው ዕቃ ባሕርይ ነው።

ስለ ምድብ ጥቅምና ጉዳት ለመነጋገር ከኢትዮጵያ ምርት ገበያ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ቡናም በ2001 ዓ.ም. ሲገባ የተዘረጋው ሥርዓት፣ ማንም በዚያ ስም ባይጠራውም፣ አነስተኛ ኦንቶሎጂ ነበር። ቡናው ተመርምሮና ተቀምሶ በመጣበት አካባቢ፣ በአዘገጃጀቱና በደረጃው ይመደባል፤ በአንድ ምድብ የገባ ሁሉ እርስ በርሱ እንደሚተካ ተቆጥሮ ይሸጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ገዢው ከረጢቱን ሳያይ መግዛት ቻለ፤ ዋጋው ለሁሉም እኩል ታየ፤ ገበያው ፈጠነ።

የከፈለው ዋጋም ነበር። ሁለት የማጠቢያ ጣቢያዎች አንድ ምድብ ውስጥ ከገቡ በኋላ የቱ የየቱ እንደሆነ መለየት አይቻልም ነበር። ልዩ ቡና የሚገዙ ድርጅቶች ገና ከጅምሩ ያጉረመረሙት በዚህ ነው። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 ቡና ከነምንጩ የሚሸጥበትን በር ከፈተ፤ እናንተም የምትሠሩት በዚያ በር በኩል ለሚያልፈው ቡና ነው። ምድቡ ምን ያህል ዋጋ ሊሸሽግ እንደሚችል ለማየት ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የተባለው ውድድር በ2020 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በኢትዮጵያ ሲካሄድ የሆነውን አስታውሱ፦ አንደኛ የወጣው ከሲዳማ የመጣ ደረቅ (ሳይታጠብ ከነገለባው የደረቀ) ቡና በኢንተርኔት ጨረታ በፓውንድ ከ180 ዶላር በላይ ተሸጠ። «ደረቅ ሲዳማ» የሚለው ምድብ ይህንን ቡና ጥቂት ዶላር ከሚያወጣው ጎረቤቱ አይለየውም።

እንግዲህ ምድቡ ሰፊ ሲሆን ገበያው ይፈጥናል፤ ጠባብ ሲሆን ዋጋው ይወጣል። የኦንቶሎጂ እውነተኛ ጥቅም ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጡ አለማስገደዱ ነው። ሻጩ የሚያውቀውን ያህል በዝርዝር ይግለጽ፤ ገዢው የፈለገውን ያህል በጥቅሉ ይጠይቅ፤ ተዋረዱ ያገናኛቸው። ገበያችሁ አንድ ወጥ የዝርዝር ደረጃ በቅጹ ላይ ካስገደደ የቀደመውን ችግር በአዲስ ሶፍትዌር ደገማችሁት ማለት ነው።

የቦታ ስም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ይርጋጨፌ ወረዳ ነው፤ ይርጋጨፌ የገበያ ስምም ነው፤ በገበያ ስሙ እንደ ወናጎና ኮቸሬ ካሉ ጎረቤት ወረዳዎች የመጣ ቡናም ይሸጥበታል። በኦንቶሎጂው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አድርጓቸው፤ የገበያ ስሙን ከወረዳዎቹ ጋር በግንኙነት እሰሩት እንጂ የአስተዳደር ተዋረዱ ሥር አታንጠልጥሉት። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል ሆነ፤ ጌዴኦ ዞን በ2015 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ገባ። ቡናው ያው የቀድሞው ቡና ነው። የገበያ ምድባችሁ በክልል ሥር ተንጠልጥሎ ቢሆን ኖሮ ያለፈው ዓመት አቅርቦቶች ሁሉ ከዘንድሮ ፍላጎት ጋር መገናኘት ያቆሙ ነበር።

አሁን ወደ አቅርቦቱ ራሱ እንምጣ። ብዙ ሰው «ሻጩ ያቀረበው አንድ ዕቃ ነው» ብሎ ይጀምራል። አይደለም። «በመጋዘን ያለው ይህ 320 ከረጢት» የሚል ሻጭ አንድ የተወሰነ ዕቃ አቅርቧል። «ከመጪው ምርት እስከ 320 ከረጢት፣ ከኮቸሬ ወይም ከገደብ» የሚለው ደግሞ ያቀረበው የቃል ኪዳን ወሰን ነው፤ በዚያ ወሰን ውስጥ የትኛውንም ቢያስረክብ ቃሉን ጠብቋል። ተመራማሪው ማርቲን ሄፕ በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጉድሪሌሽንስ የተባለው የንግድ ኦንቶሎጂ ይህንን ልዩነት በደንብ አስቀምጦታል፤ ተጨባጩን ዕቃ፣ ገና ያልተለዩትን ዕቃዎችና የምርት ሞዴሉን ለየብቻ ይገልጻቸዋል። በ2012 እ.ኤ.አ. ድረ ገጾች ይዘታቸውን ለማሽን ወደሚገልጹበት የጋራ መዝገበ ቃላት፣ ወደ ስኪማ ዶት ኦርግ፣ ስለተካተተ ዛሬም ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። ከእሱ የምትወስዱት ሌላ ትልቅ ነገር አቅርቦትን ከዕቃው መነጠል ነው። ዋጋ የቡናው ባሕርይ አይደለም፤ የአቅርቦቱ ነው። አንድ ላኪ ያንኑ ቡና ለአንዱ ገዢ ጅቡቲ መርከብ ላይ ጭኖ፣ ለሌላው ሐምቡርግ አድርሶ በሁለት ዋጋ ሊያቀርብ ይችላል። ዋጋውን ቡናው ላይ የለጠፈ ሰው ሁለተኛው አቅርቦት ሲመጣ ይጨነቃል።

አቅርቦት ወሰን መሆኑን ከተቀበልን ማዛመድ የወሰኖች ንጽጽር ይሆናል። አቅርቦቱ ሙሉ በሙሉ በፍላጎቱ ውስጥ ከወደቀ ሻጩ ምንም ቢያስረክብ ገዢው ይረካል፤ የታጠበ ጌዴኦ ለጠየቀ ሰው የታጠበ ኮቸሬ ማቅረብ እንዲህ ነው። የተገላቢጦሹ ደግሞ አለ፦ ገዢው ኮቸሬን ብቻ ይፈልጋል፣ ሻጩ «ጌዴኦ» ብሎ ተወው፤ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ሻጩ ቃሉን ማጥበብ አለበት። ሦስተኛው ከፊል መደራረብ ነው። አራተኛው የሚጋጩት ናቸው፦ አንዱ የታጠበ፣ ሌላው ደረቅ። ተመራማሪዎቹ ሌይ ሊና ኢያን ሆሮክስ በ2003 እ.ኤ.አ. ይህን ደረጃ አሰጣጥ፣ ፍጹም እኩል የሆኑትን ጨምሮ፣ በዴስክሪፕሽን ሎጂክ (ኦንቶሎጂ በሚመሠረትበት የሎጂክ ዓይነት) ሪዝነር ሠርተው አሳይተዋል።

ለገበያ ግን እኔ የምወደው በዚያው ዓመት ከጣሊያን ባሪ ፖሊቴክኒክ የመጣውን የእነ ቶማሶ ዲ ኖያን አካሄድ ነው። እነሱ «ይዛመዳል፣ አይዛመድም» ብለው አላቆሙም። ሁለት ጥያቄ ጨመሩ፦ አቅርቦቱ ፍላጎቱን እንዲያሟላ ምን መጨመር አለበት? የሚጋጩ ከሆነስ ገዢው የትኛውን ጥያቄውን ቢተው ግጭቱ ይፈታል? በስክሪናችሁ ላይ ይህ «ሻጩ የማጠቢያ ጣቢያውን ካረጋገጠ ይስማማል» ወይም «የኦርጋኒክ ሰርተፍኬቱን ግዴታ ካላደረጉት እነዚህ አቅራቢዎች አሉ» የሚል መልእክት ይሆናል። ባዶ የፍለጋ ውጤት ያየ ገዢ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ መልእክት ያየ ድርድር ይጀምራል።

ከሁሉ በላይ ጊዜ ስጡት የምላችሁ ዝምታን ነው። ሻጩ ያልሞላው ሳጥን ምን ማለት ነው?

የለመድነው የመረጃ ቋት ያልተጻፈ ነገር ሁሉ የለም ብሎ ይነሣል። ኦንቶሎጂ የሚጻፍበት አውል (OWL) የተባለው ቋንቋ ግን፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የድር ማኅበር ጸድቆ በ2009 የታደሰው ማለት ነው፣ ያልተጻፈ ነገር አልታወቀም እንጂ የለም ማለት አይደለም ይላል። ለሳይንስ ዕውቀት ይህ ትክክል ነው። ለገበያ ግን ከሁለቱ አንዱን ለሁሉም ባሕርይ እንዳለ መውሰድ ስሕተት ነው። ኦርጋኒክ ሰርተፍኬት ያለው ሻጭ ሳይናገር አይቀርም፤ ስለሚያስከፍልለት ይናገራል። እዚያ ዝምታው «የለኝም» ነው። የእርጥበት መጠን ያልሞላ ሰው ምናልባት ገና አልለካ ይሆናል፤ እዚያ ዝምታው «ጠይቁኝ» ነው። የታጠበ ይሁን ደረቅ ያልገለጸ ደግሞ ቅጹን አልጨረሰም፤ ይመለስለት። የማሳው የቦታ መጋጠሚያ (የጂፒኤስ ቁጥሩ) ካልተሞላ የዝምታው ትርጉም እንደ ገዢው ይለያያል። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ 2023/1115 ቡናው ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ከተመነጠረ ደን እንዳልመጣ በማሳ መጋጠሚያ እንዲታይ ይጠይቃል፤ ተፈጻሚነቱ ቢገፋም የአውሮፓ ገዢዎች መረጃውን መጠየቅ ጀምረዋል። ለሐምቡርጉ ገዢ እዚህ ላይ ዝምታ «አይሆንም» ነው፤ ለጅዳው ገዢ ምንም ላይሆን ይችላል።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ባሕርይ ዝምታው ምን እንደሚባል የሚወስን ሠንጠረዥ ሥሩ። ፕሮግራመሮቹ ብቻቸውን አይሠሩትም፤ ከቀማሽ፣ ከላኪና ከአንድ ገዢ ጋር ተቀምጣችሁ የምትሠሩት ነው። ከኦንቶሎጂው ይልቅ ይህ ሠንጠረዥ ገበያችሁን ይወስነዋል ብል አላጋነንኩም።

ዝምታ ሌላም መዘዝ አለው። «አልታወቀም ማለት ይቻላል ማለት ነው» ብላችሁ ካዛመዳችሁ ብዙ የሚናገር ሻጭ ጥቂት ገዢ ያገኛል፣ ትንሽ የሚናገር ደግሞ ከሁሉም ጋር ይዛመዳል። ጮሌ ሻጭ ይህን በሳምንት ውስጥ ይደርስበታል፤ «ቡና፣ ኢትዮጵያ» ብሎ ይጽፍና የሁሉም ገዢ ዝርዝር ላይ ይወጣል። ታማኙና ዝርዝሩን የሞላው ይቀጣል። መድኃኒቱ የተረጋገጠውን ግጥሚያ ሁልጊዜ ከሚቻለው በላይ ማስቀመጥ፣ በሚቻለው ውስጥም መጠየቅ ያለበት ነገር በበዛ ቁጥር ወደ ታች ማውረድ ነው።

የሪዝነር ሁለት ወጥመዶች አሉ፤ ቶሎ ልለፋቸው። አንደኛ፣ የታጠበና ደረቅ እንደማይገጣጠሙ በግልጽ ካልጻፋችሁ ሪዝነሩ አንድ ቡና ሁለቱንም ሊሆን ይችላል ብሎ ያስባል፤ ያኔ አይጣጣሙም የሚባሉ ጥንዶች አይኖሯችሁም። በተቃራኒው «ቡና ሁሉ ወይ የታጠበ ወይ ደረቅ ነው» ብላችሁ ከዘጋችሁት ሃኒ የሚባለው አዘገጃጀት ሲመጣ ቦታ ያጣል። ሁለተኛ፣ በአውል «ማጠቢያ ጣቢያ ያለው የታጠበ ቡና ነው» ብሎ መጻፍ ቅጹን አይቆጣጠርም። ሻጩ ለደረቅ ቡና በስሕተት የማጠቢያ ጣቢያ ቢሞላ ሪዝነሩ ስሕተቱን በማሳየት ፈንታ ቡናው የታጠበም ነው ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያ ሌላ ቦታ ግጭት ይወጣል፣ ምንጩን ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ቅጽ ለመፈተሽ በ2017 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ሻክል (SHACL) የተባለው ቋንቋ አለላችሁ፤ ሥራው እሱ ነው።

ቁጥር ብቻውን አይቀመጥም። በአገር ውስጥ ቡና በፈረሱላ ይዋዋላል፣ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው፤ ሰሊጥ በኩንታል፤ የኒው ዮርኩ የቡና ገበያ ደግሞ በፓውንድ ስንት ሳንቲም እያለ ይጠራል። አንድ ፈረሱላ 37.5 ፓውንድ ገደማ ይመጣል። የገባውን ቁጥር ከነመለኪያው አስቀምጡ፣ ለማነጻጸር ወደ አንድ መለኪያ ለውጡ፣ የመጀመሪያውን ግን አታጥፉ፤ ክርክር ሲነሣ ሰዎቹ የሚያስታውሱት የጻፉትን ነው። የቅምሻ ውጤት ከዚህም ይብሳል። ከ100 ነጥብ 80ና ከዚያ በላይ ያገኘ ልዩ ቡና ይባላል፤ ግን «86» ማን ቀምሶ፣ መቼ፣ ከየትኛው ናሙና? ከመርከብ በፊት የተወሰደ ናሙናና ከወራት በፊት የተላከ ናሙና አንድ አይደሉም። ውጤትን የቡናው ባሕርይ ከማድረግ ይልቅ ራሱን የቻለ «ቅምሻ» የሚባል ክንውን አድርጉት፤ ቀማሽ፣ ቀን፣ ናሙናና መመዘኛ ይኑሩት። ዋጋም እንዲሁ ነው። የማስረከቢያ ቦታንና ወጪን የሚወስኑት ዓለም አቀፍ የንግድ ቃሎች፣ የ2020ው ኢንኮተርምስ፣ 11 ናቸው፤ ጅቡቲ መርከብ ላይ የተባለን ዋጋ አዲስ አበባ መጋዘን ከተባለ ዋጋ ጋር ሳያስተካክሉ ማወዳደር ርካሽ የሚመስለውን ማሸለም ነው።

ይህ ሁሉ ሲያልቅ በእጃችሁ የሚኖረው የትኛው አቅርቦት ከየትኛው ፍላጎት ጋር ሊገጥም እንደሚችል የሚያሳይ መረብ ነው። የኦንቶሎጂው ሥራ እዚህ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ግዴታ ያልሆኑት ምርጫዎች ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ ዋጋ ይገባል፣ ድልድሉ ይሰላል። አንድ አቅርቦት ለአንድ ገዢ ብቻ ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፣ ማንኛውም የታወቀ የድልድል አልጎሪዝም በፍጥነት ይፈታዋል። የሚከብደው ገዢው «አንድ ሙሉ ኮንቴይነር፣ 320 ከረጢት ከጉጂ፤ ካልሆነ 160 ከጉጂ 160 ከጌዴኦ፤ ሁለቱንም ግን አይደለም» ሲል ነው። ይህ የጥቅል ጨረታ ነው፤ አሸናፊውን መለየት በጠቅላላው ሲታይ ቁጥሩ በጨመረ መጠን እጅግ የሚከብድ ስሌት መሆኑ በ1998 እ.ኤ.አ. በእነ ማይክል ሮትኮፍ ተረጋግጧል። አትደንግጡ፤ በእናንተ መጠን ያለውን የተለመደ የኢንቲጀር ፕሮግራሚንግ ሶልቨር (የተሻለውን ድልድል ፈልጎ የሚያሰላ ሶፍትዌር) ይወጣዋል። ኦንቶሎጂው ላይ አትጫኑት እንጂ።

ስለ መሣሪያ። ኦንቶሎጂውን በስታንፎርዱ ፕሮቴዤ (የኦንቶሎጂ መጻፊያ ሶፍትዌር ነው) ጻፉት፤ ከተቻለ ኢኤል ከሚባለው የአውል 2 ንዑስ ቋንቋ አትውጡ። ፈጣን ነው፤ ለተዋረድና ለግጭት ይበቃል። የቁጥር ወሰን አይገልጽም፣ እሱም ለእናንተ ጥቅም ነው፤ «እርጥበት ከ11.5 በታች» የሚለው በመረጃ ቋታችሁ ውስጥ በአንድ መስመር ኤስኪውኤል (የመረጃ ቋት መጠየቂያ ቋንቋ) ያልቃል። እኔ ብሆን ሪዝነሩን በግብይት ሰዓት አላስነሣውም። ኦንቶሎጂው በተቀየረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይሩጥ፣ ያወጣው ተዋረድ በተራ ሠንጠረዥ ይቀመጥ፣ የዕለቱ ማዛመድ ከሠንጠረዡ ይሁን። ገዢው ስለ ኦንቶሎጂ አያውቅም፣ ሰከንድ መጠበቅ ግን ያበሳጨዋል።

«ይህን ሁሉ ትልልቆቹ የቋንቋ ሞዴሎች አይሠሩትም ወይ?» ማለታችሁ አይቀርም። አንድ ቦታ ላይ በጣም ይጠቅማሉ፦ ላኪው በቴሌግራም የጻፈውን ባለሦስት መስመር መልእክት ወደ ቅጽ መቀየር። ሞዴሉ ይሙላ፣ ላኪው አይቶ ያጽድቅ። የማዛመዱን ውሳኔ ግን አትስጡት። የተሸነፈ ተጫራች «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ «ፍላጎቱ ደረቅ ነበር፣ ያንተ የታጠበ ነው» የሚል መልስ ከተዋረዱ ይወጣል፤ ከሞዴሉ የሚወጣው ማብራሪያ ግን ሞዴሉ በእርግጥ የወሰነበት ምክንያት ለመሆኑ ማረጋገጫ የለውም።

ከየት እንጀምር ላላችሁት፦ ቡና ብቻ እስከሆነ ድረስ ከመቶ ያልበለጡ ምድቦችና ከሃያ ያልበለጡ ባሕርያት ይበቋችኋል። የኋላ ኋላ ሰሊጥና ቅመማ ቅመም ካልጨመራችሁ ወይም ገዢዎቻችሁ በየራሳቸው ሥርዓት ዝርዝር መላክ ካልጀመሩ ከዚያ በላይ መሄድ ብክነት ነው። አስቀድማችሁ በእጅ ያገናኛችኋቸውንና ውል የተፈጸመባቸውን ጥንዶች ሰብስቡ፤ ያልተሳኩትንም ከነምክንያታቸው። የመጀመሪያውን ረቂቅ በእነሱ ላይ አሂዱት። ሥርዓቱ «አይጣጣሙም» ያላቸው ነገር ግን ውል የተፈረመባቸው ጥንዶች ከወጡ ለቀማሹ ስጡት፤ አንዳንዱ የኦንቶሎጂ ስሕተት ይሆናል፣ አንዳንዱ ደግሞ ገዢው በናሙና ተማርኮ የጻፈውን ግዴታ የተወበት ይሆናል። ሁለተኛው ዓይነት ከበዛ ያ ባሕርይ ግዴታ አልነበረም፤ ወደ ነጥብ አሰጣጡ አዛውሩት።